«ክሩኪድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል በትክክል ለመጠቀም

ከአነጋገሩ እንጀምር፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ ሲጻፍ ሲ፣ አር፣ ሁለት ኦ፣ ኬ፣ ኢ፣ ዲ ነው። መጨረሻው እንደ «ሉክት» ስለሚመስል ብዙዎች በስሕተት «ክሩክት» ብለው ያነቡታል። ቅጽል ሲሆን ግን እንደ «ኔኪድ» እና «ዊኪድ» ሁለት ክፍለ ድምፅ አለው፦ ክሩ-ኪድ። ጠንከር ተብሎ የሚነገረው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ «ኡ»ዋም አጭር ናት። «ክሩክት» የሚባለው ግሡ ነው፤ ለምሳሌ አንድ ሰው ጣቱን አጠፈ ሲባል።

ቃሉ የሚገባው ቀጥ ማለት ሲገባው ለተጣመመ ነገር ነው። ስለዚህ ከመናገርዎ በፊት «ይህ ነገር ቀጥ ማለት ነበረበት?» ብለው ይጠይቁ። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ወደ ደሴ የሚያወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ነገር ግን አቀበቱ እንዲቀል ታስቦ የተጠማዘዘ ስለሆነ «ዋይንዲንግ» ይሻለዋል። ፒያሳ አንድ ሱቅ በር ላይ ወደ ጎን ዘሞ የተሰቀለ ታፔላ ግን «ኤ ክሩኪድ ሳይን» ነው። የተጣመመ ምሰሶ፣ የተወላገደ ጥርስ፣ ጠማማ ዱላም እንዲሁ።

ለሚከተሉት አይሆንም፦ ጎርበጥባጣ ወለል «አንኢቭን» ነው፤ በአህያ ላይ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ጭነት «ሎፕሳይዲድ»፤ ጎኖቹ እኩል ያልሆኑ የቤት ቦታ ደግሞ «ኢሬጉላር»።

ከስም በፊት ወይም ከ«ኢዝ» በኋላ ይገባል፦ «ዘ ፖል ኢዝ ክሩኪድ»። አማርኛችን «ነው»ን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «ኢዝ» ብዙ ጊዜ ይረሳል። ቅጽሎች ሲደረደሩ መጠን ይቀድማል፣ ቅርጽ ይከተላል፣ የተሠራበት ነገር መጨረሻ ነው፦ «ኤ ሎንግ ክሩኪድ ውድን ስቲክ»። ለማወዳደር «ሞር ክሩኪድ» ይበሉ።

ለሰው ሲሆን በጣም ይጠንቀቁ። በእኛ ጠማማ ሰው እሺ የማይል፣ ነገር የሚያጣምም ነው። «ኤ ክሩኪድ ማን» ግን አጭበርባሪ፣ ጉቦ በል ማለት ነው፤ እልኸኛ ጎረቤትን እንዲህ ካሉት ሌባ አሉት ማለት ነው። ወገባቸው የጎበጠ አዛውንትንም በዚህ ቃል መጥራት ስድብ ይሆናል። «ኤ ማን ዊዝ ኤ ክሩኪድ ባክ» ወይም «ስቱፕት» ይበሉ።