ሾርትከት ቫይረስ አልወጣ ሲል፦ ስታርትአፕ ላይ ምን ይፈለግ?

ምልክት፦ ፍላሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ሾርትከት (ፋይል የሚከፍት አቋራጭ ምልክት) ሆኗል፤ ቢጸዳም ተመልሶ ይመጣል

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የዚህን ያህል የሚደጋገም ብልሽት የለም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ይብሳል፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው ከአንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ሌላው ሲሉ፣ አንድ የተበከለ ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ ሲያድል ይውላል።

ፋይሉ አልጠፋም። ፍላሹን ፎርማት እንዳታደርጉ! ቫይረሱ እውነተኛውን ፋይል ደብቆ በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱ ሲነካ ፋይሉም ይከፈታል፣ ቫይረሱም አብሮ ይነሳል። ባለቤቱ የፈለገው ስለተከፈተለት አይጠረጥርም።

ምክንያት

ቫይረሱ ብዙ ጊዜ ቪቢኤስ የሚባል ትንሽ ስክሪፕት ነው። አፕዳታ ወይም ቴምፕ በሚባሉት የዊንዶውስ ፎልደሮች ውስጥ ራሱን ይገለብጥና ስታርትአፕ ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች ዝርዝር ላይ፣ ይመዘገባል። ስክሪፕት ግን በራሱ አይነሳም፤ የሚያስኬደው ደብሊውስክሪፕት የተባለው የዊንዶውስ የራሱ ፕሮግራም ነው። ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ታስክ ማናጀር (በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት) ውስጥ «ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቤዝድ ስክሪፕት ሆስት» ተብሎ፣ አሳታሚው «ማይክሮሶፍት ኮርፖሬሽን» ሆኖ ይታያል፤ «የማይክሮሶፍት ነው፣ አይነካም» ተብሎ ይታለፋል።

ስሙን ተዉት፣ የሚያስነሳውን ፋይል እዩ። በታስክ ማናጀሩ ስታርትአፕ ገጽ ላይ የዐምዶቹን ርዕስ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ኮማንድ ላይን» የሚለውን ምረጡ። መጨረሻው ቪቢኤስ፣ ቪቢኢ ወይም ጄኤስ ሆኖ መንገዱ በአፕዳታ ወይም በቴምፕ ካለፈ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ።

ኦቶራንስን (ከዊንዶውስ ጋር የሚነሳውን ሁሉ የሚዘረዝር የማይክሮሶፍት ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ከሆነ የማይክሮሶፍትን ዝርዝር የሚደብቀውን ምርጫ አጥፉት፤ ደብሊውስክሪፕት የማይክሮሶፍት ፊርማ አለው። ሮዝ ቀለም ያለው ሁሉ ቫይረስ አይደለም፤ ፊርማ የሌላቸው አሮጌ የአማርኛ መጻፊያና የፕሪንተር ፕሮግራሞችም ሮዝ ሊሆኑ ይችላሉ። ተጠቃሚው ሲገባ ዴስክቶፑን የሚያስነሳውን ዩዘርኢኒት የሚለውን የዊንዶውስ ፕሮግራም ግን በምንም ምክንያት አትንኩ። እሱ ከጠፋ ዊንዶውስ ገብቶ ወዲያው ይወጣል።

መፍትሔ

ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው። ፍላሹን አስቀድሞ ያጸዳ ሰው በከንቱ ይደክማል፤ ስክሪፕቱ እየሠራ እስካለ ድረስ በሰከንዶች ውስጥ ሾርትከቱን መልሶ ይጽፈዋል። ስታርትአፕ ላይ ዲሴብል ብሎ መተውም አይበቃም፤ ያልተዘጋ ስክሪፕት ምዝገባውን ያድሳል።

ፍላሹን ንቀሉ። ታስክ ማናጀር፣ ዲቴይልስ ላይ ደብሊውስክሪፕትን ኤንድ ታስክ በሉ፤ ሁለት ሦስት ሆኖ ከተገኘ ሁሉንም። ከዚያ ኮማንድ ላይኑ ወደጠቆመው ቦታ ሄዳችሁ ፋይሉን አጥፉ። ካልታየ ፎልደር ኦፕሽንስ ላይ ድብቅ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፤ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምልክት አንሱ። ሁለተኛው ስለሚረሳ ነው «ምንም የለም» የሚባለው።

ቀጥሎ ምዝገባው። ሬጅኤዲት (የዊንዶውስ መዝገብ ማስተካከያ) ከፍታችሁ በከረንት ዩዘርም በሎካል ማሽንም ሥር፣ ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ከረንት ቨርዥን፣ ራን ድረስ ሂዱና ያንን መስመር ብቻ አጥፉ። ሙሉውን ራን የሚያጠፋም አይጠፋም፤ እንዳታደርጉት። የዊንዶውስን ቁልፍና አርን ተጭናችሁ ሼል፣ ኮለን፣ ስታርትአፕ ብላችሁ በመጻፍ የስታርትአፕ ፎልደሩን እዩ። በሰዓት ወይም በቀጠሮ ፕሮግራም የሚያስነሳው ታስክ ስኬጁለርም ይታይ።

ሪስታርት አድርጋችሁ ደብሊውስክሪፕት አለመመለሱን ስታረጋግጡ ፍላሹን ሰኩ። ሾርትከቱን አትንኩ፤ አንድ ዳብል ክሊክ ልፋቱን ሁሉ ከዜሮ ያስጀምራል። ኮማንድ ፕሮምፕት (ትዕዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት) ላይ የፍላሹን ፊደልና ኮለን ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። መስመሩ ወደ ፍላሹ መቀየሩን ሳታዩ አትቀጥሉ፤ ቀጥሎ ያለው ትዕዛዝ ዊንዶውስ ባለበት ሲ ድራይቭ ላይ አይሰጥም። ከዚያ አትሪብ፣ ሰረዝ ኤስ፣ ሰረዝ ኤች፣ ስላሽ ኤስ፣ ስላሽ ዲ፣ ኮከብ ነጥብ ኮከብ ብላችሁ ጻፉ፤ እንዲህ፦ attrib -s -h /s /d *.* ሰረዝ ኤስን ዘልላችሁ ሰረዝ ኤችን ብቻ ብትጽፉ ዊንዶውስ እምቢ ይላል፤ ሲስተም የተባለ ፋይል ድብቅነቱ ለብቻው አይነሳም።

ፋይሎቹ ብቅ ሲሉ ሾርትከቶቹንና ስክሪፕቱን አጥፉ። ስም የሌለው ፎልደር ካያችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ! አንዳንዱ ቫይረስ የሰውየውን ሰነድ በሙሉ እዚያ ውስጥ ያጉረዋል። መጀመሪያ ክፈቱት፣ ሰነዱን አውጡ።

ሌሎች ምልክቶች

«ስክሪፕት ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ከመጣ፣ አንቲቫይረሱ ፋይሉን አጥፍቶ ምዝገባውን ትቶታል። ኦቶራንስ ላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ መስመሩን ማጥፋት ይበቃል።

ስታርትአፕ ንጹሕ ሆኖ ዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) አልበራም ካለ በክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ፣ የተጫነውን ዊንዶውስና ፈቃድ አስመሳይ የሆነውን አክቲቬተር ጠርጥሩ። «አንቲቫይረሱን አጥፍተህ ጫን» ያለ ፕሮግራም ምን ይዞ እንደገባ ማን ያውቃል?

ዲፕ ፍሪዝ (ኮምፒውተሩን በሪስታርት ወደ ተቆለፈበት ሁኔታ የሚመልስ ፕሮግራም) ያለበት ኮምፒውተር ላይ የጸዳው በሪስታርት ከተመለሰ፣ የተቆለፈው ከነቫይረሱ ነው። ፈትታችሁ፣ አጽድታችሁ፣ መልሳችሁ ቆልፉ።

ለፎቶ ኮፒ ቤት

ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር ስክሪፕት ማስነሳት አያስፈልገውም። ሬጅኤዲት ላይ በሎካል ማሽን፣ ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ ስክሪፕት ሆስት፣ ሴቲንግስ ሥር «ኢኔብልድ» የሚል ዲወርድ (ቁጥር የሚይዝ መስመር) ፍጠሩና ዋጋውን 0 አድርጉ። ከዚያ በኋላ ቪቢኤስ የሆነ ሁሉ አይነሳም፤ የዊንዶውስን አክቲቬሽን የሚያሳየው ኤስኤልኤምጂአርም ጭምር፤ ሲያስፈልግ ወደ 1 መልሱት። ይህ የሚከለክለው በዊንዶውስ ስክሪፕት ሆስት የሚነሳውን ብቻ ነው፤ በራንዲኤልኤል ወይም በፓወርሼል፣ ማለትም በሌሎቹ የዊንዶውስ ማስነሻ ፕሮግራሞች፣ የሚነሳውን አያስቆምም።