ኮሪያ ሄዳችሁ እንግሊዝኛ ልታስተምሩ ካሰባችሁ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ይሄን የምጽፈው አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ ምናምን አድገው ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ ኮሪያ ሄደን እንግሊዝኛ እናስተምር ለሚሉ ሀበሾች ነው። ወረቀቱን ማሟላት ብቻ ወራት ይፈጃል፣ ያ ጊዜ ደግሞ ሀገሩን ለማወቅ አሪፍ ጊዜ ነበር፣ ግን ብዙ ሰው ድራማ እያየ ይጨርሰውና እዛ ሲደርስ ግራ ይገባዋል። የኛ ሰው ላይ ደግሞ የተለየ ችግር አለ፣ ኮሪያውያን በብዙ ነገር እኛን ይመስላሉ፣ የሚያሳስተውም መመሳሰሉ ነው።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታነቡ ግን መጀመሪያ ይቺን ስሙኝና ደላላ እንዳይበላችሁ። ለእንግሊዝኛ አስተማሪ የሚሰጠው ኢ-2 የሚባለው ቪዛ በመሰረቱ ለሰባት ሀገር ዜጎች ነው፦ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት እንግሊዝኛችሁ የቱንም ያህል ቢያስጨበጭብ በዚህ በኩል አይሆንም። ኮሪያን ማየት ከሆነ ፍላጎታችሁ የኮሪያ መንግስት ስኮላርሺፕ ለኛም ክፍት ነው፣ እሱን ሞክሩ።

ድራማን እንደ መማሪያ መያዝ። የድራማው ኮሪያ ፍቅርና ቆንጆ ካፌ ነው፣ እናንተ የምትገቡት ግን ትምህርት ቤት ነው። ህዳር ላይ ሱኑንግ የሚሉት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አለ፣ የእንግሊዝኛው የማዳመጥ ክፍል ሲሰጥ አውሮፕላን እንኳን እንዳይነሳና እንዳያርፍ ይደረጋል፣ ቀልዴን አይደለም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ወጥተው ሀግዎን የሚባል የግል ማስጠኛ ይገባሉ፣ ሶል ላይ እንደውም ሀግዎኖች ከማታው 4 ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ በህግ ተከልክሏል። ስለዚህ ክፍላችሁ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተኛ ልጅ ስታዩ ናቀኝ አትበሉ፣ ደክሞት ነው። ዝም የሚለውም ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ግራመሩን ከናንተ በላይ ሊያውቅ ይችላል፣ የሚፈራው ተሳስቶ ጓደኞቹ ፊት መሳቂያ መሆንን ነው። ለክፍሉ በሙሉ ጥያቄ ጠይቃችሁ እጅ እስኪወጣ ከምትጠብቁ መጀመሪያ ሁለት ሁለት እየሆኑ እንዲያወሩ አድርጓቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ "እነሱም እንደኛው ናቸው" ማለት። አዎ ብዙ ነገር ቤታችሁ ያሳደጋችሁ ነው፣ ለትልቅ ሰው በሁለት እጅ መስጠት፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ማለት፣ ጫማ በር ላይ ማውለቅ፣ ታላቅ ሳይጀምር ምግብ አለመንካት.. እናቶቻችን ቢያዩዋቸው "የተቀጡ ልጆች" ነው የሚሏቸው። ግን እዛ ነገሩ ጠበቅ ይላል። እኛ ጋ በአንድ ዓመት የሚበልጠንን ሰው አንተ ብለን በስሙ እንጠራዋለን፣ እነሱ ጋ የአንድ ዓመት ልዩነት ራሱ አነጋገርን ይቀይራል፣ ገና ተዋውቃችሁ ሳትጨርሱ እድሜ የሚጠይቋችሁም ለዛ ነው እንጂ ነገረኛ ሆነው አይደለም። (በነገራችን ላይ በ2023 ስራ ላይ በዋለ ህግ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እድሜ እንደሌላው ዓለም እንዲቆጠር ተደርጓል፣ በፊት ልጅ ሲወለድ አንድ ብሎ ይጀምር ነበር፣ አሁንም በወሬ መሀል የድሮውን የሚጠቀም አይጠፋም።) የስራ ባልደረባን በባዶ ስሙ አትጥሩ፣ የቤተሰብ ስሙን ከፊት አድርጋችሁ "ኪም ሶንሴንግኒም" ማለት ነው፣ መምህር ኪም እንደማለት። ርዕሰ መምህሩን ደግሞ በስም አለመጥራት ነው የሚሻለው፣ በማዕረጋቸው ብቻ።

ማዕድ ላይም ያው ነው። ሆሲክ የሚሉት የስራ ቦታ እራት አለ፣ በተቻለ መጠን አትቅሩ፣ ሰው የሚተዋወቀው እዛ ነው። ለራስ አይቀዳም፣ ለጎረቤት ትቀዳላችሁ ለናንተ ይቀዱላችኋል፣ ታላቅ ሲቀዳላችሁ ብርጭቆውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ስትጠጡ ፊታችሁን ወደ ጎን ዞር ማድረግ ነው። የማትጠጡ ከሆነ ቀድማችሁ በትህትና ንገሩ፣ ለስላሳ ይዞ ማጋጨት ይቻላል። ቾፕስቲክ ሩዝ ላይ አቁማችሁ አትተዉ፣ ለሞተ ሰው ነው እንደዛ የሚደረገው። ደስ የሚለኝ ነገር ስጋ በሰላጣ ቅጠል ጠቅልሎ ለሚወዱት ሰው ማጉረስ እነሱም ጋ አለ፣ በቃ ጉርሻ ነው። ግን በመጀመሪያው ሳምንት ርዕሰ መምህሩን ላጉርስ እንዳትሉ ኧረ በማርያም።

ቀጠሮ ላይ ደግሞ የሀበሻ ሰዓት የሚባል ነገር እርሱት።

ፆምና ስጋ ላይ ያለመዘጋጀት። ይሄን ማንም አይነግራችሁም። ኪምቺ አትክልት ነው ብላችሁ ረቡዕና አርብ ብትበሉት አብዛኛው ውስጡ የአሳ ወይም የትንንሽ ሽሪምፕ ጨው አለበት፣ ሾርባውም ብዙ ጊዜ በደረቅ አሳ የተቀቀለ ነው። "ስጋ አልበላም" ስትሉ አሳ ወይ ትንሽ የተከተፈ ስጋ ያለበት ሊያመጡላችሁ ይችላሉ፣ እንደ ስጋ አይቆጥሩትማ። የአሳማ ስጋ ደግሞ በየቦታው ነው፣ ሳምግዮፕሳል የሚሉት ጥብሳቸው የሆሲክ ንጉስ ነው። ስለዚህ የማትበሉትን አንድ በአንድ በኮሪያኛ አስጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት። ለጿሚ የሚመቸው የቡድሃ ገዳማት ምግብ ነው፣ ሥጋ የለ አሳ የለ፣ ነጭ ሽንኩርት ራሱ የለም (እሱ እንኳን ለኛ ምላስ ይከብዳል)። ሙስሊም ለሆናችሁ ሶል ኢቴዎን ውስጥ ከ1976 ጀምሮ ያለ ትልቅ መስጊድ አለ፣ አካባቢውም ሀላል ቤት ሞልቶበታል።

ስለ ቃኘው ሻለቃ ሳያነቡ መሄድ፣ ወይ ደግሞ ሁሉም ያውቃል ብሎ መጠበቅ። ከ1951 ጀምሮ ከ6,000 በላይ ወታደሮቻችን ተራ በተራ ኮሪያ ዘምተዋል፣ አንድም ምርኮኛ አልሰጡም ይባላል። ቹንቾን ከተማ ላይ መታሰቢያ ሙዚየም አላቸው፣ አጠገቡ ከ1968 ጀምሮ ያለ የኢትዮጵያ ቡና ቤት አለ፣ ያ ጃንሆይ ኮሪያን የጎበኙበት ዓመት ነው። ከሶል በባቡር የቅዳሜ ጉዞ ነው፣ ሂዱ። ታሪኩን የሚያውቅ ሽማግሌ ከየት እንደሆናችሁ ሲሰማ እጃችሁን ሊይዝ ይችላል፣ የ12 ዓመት ተማሪ ግን ምንም ላያውቅ ይችላል፣ ቅር አይበላችሁ። ለመምህራን ክፍል ስጦታ ከፈለጋችሁ የተቆላ ይርጋጨፌ ውሰዱ፣ ቡና አዋቂ ኮሪያዊ ስሙን ያውቀዋል። ከተማሪ ወላጅ ስጦታ መቀበል ግን በመንግስት ትምህርት ቤት በ2016 ስራ ላይ በዋለው የፀረ ሙስና ህግ አይቻልም፣ ቡና ራሱ።

ሀንጉልን እዛ ስደርስ እማራለሁ ማለትም ስንፍና ነው። ንጉስ ሴጆንግ በ1446 ያወጀው ፊደል መሰረታዊ 24 ፊደል ነው ያለው፣ በቀናት ውስጥ ማንበብ ትጀምራላችሁ። ሜኑና አውቶቡስ ማንበብ ብቻ ህይወት ያቀላል።

ወረቀትና መድሃኒት ላይ፦ ዲግሪያችሁም ባክግራውንድ ቼካችሁም (ከወንጀል ነፃ ማስረጃው) አፖስቲል፣ ማለትም ሰነዱ ውጭ ሀገር እንዲታወቅ የሚደረግበት ማረጋገጫ ይፈልጋል፣ አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ የኤፍቢአይ ነው እንጂ የስቴት አይሰራም። ኤፒክ የሚባለው የመንግስት ፕሮግራም ለየካቲቱ ዙር የሚመዘግበው ከኦገስት ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ አትዘግዩ። አዴራል የሚባለውን የትኩረት ችግር (ADHD) መድሃኒት የምትወስዱ ሀኪማችሁን አማክሩ፣ ኮሪያ ውስጥ ክልክል ነው፣ በሀኪም ማዘዣም አይገባም። ካናቢስ ስቴታችን ውስጥ ህጋዊ ነው የሚለው ክርክር እዛ አይሰራም፣ ከደረሳችሁ በኋላ በጤና ምርመራው ላይ የድራግ ቴስት አለ።

የመጨረሻው የማይወራው ነው፣ ስለ ቆዳ ቀለም አለመዘጋጀት። ማመልከቻ ላይ ፎቶ ይጠየቃል፣ አንዳንድ ሀግዎን ፎቶውን አይቶ መልስ የማይሰጥ አለ፣ ይሄ የታወቀ ነው። እንዲህ አይነቱ ቢያልፋችሁ አትዘኑ፣ ብዙ ቦታ አመልክቱ፣ ኤፒክንም ሞክሩ። ገጠር ከተመደባችሁ ህጻናት ፀጉራችሁን ሊነኩ ይመጣሉ፣ አብዛኛው ጉጉት ነው፣ ካልተመቻችሁ ግን በፈገግታ አይ ማለት መብታችሁ ነው። ሀግዎን ከገባችሁ ውሉን ደግማችሁ አንብቡት፣ ዓመት ስትጨርሱ የአንድ ወር ደሞዝ የሚሆን የስንብት ክፍያ በህግ ይገባችኋል፣ የ11 ወር ውል የሚያቀርብላችሁ ካለ ለምን እንደሆነ ገባችሁ አይደል።