የፊዚክስ ዶክትሬት ተማሪ ለኢንዱስትሪ ሥራ እንዴት ይዘጋጃል?

አሜሪካ ውስጥ በፊዚክስ ዶክትሬት ከሚይዙት መካከል ቋሚ የፕሮፌሰርነት ቦታ የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። የብዙዎቹ እንጀራ ያለው ቺፕ አምራቾች፣ ሌዘርና የሕክምና መሣሪያ ሠሪዎች፣ የሶፍትዌርና የፋይናንስ ኩባንያዎች ዘንድ ነው። ዝግጅቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ዲፌንስ (የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ፈተና) ሲቃረብ ነው፤ ያን ጊዜ ረፍዷል። ከምረቃ ሁለት ዓመት ቀድማችሁ ጀምሩ።

በመጀመሪያ ማስታወቂያ አንብቡ። «ፊዚሲስት» ብላችሁ አትፈልጉ፤ በዚያ መጠሪያ የሚወጣ ቦታ ትንሽ ነው። «ፕሮሰስ ኢንጂነር»፣ «ኦፕቲካል ኢንጂነር»፣ «ሜትሮሎጂ ኢንጂነር» (የአየር ጠባይ ሳይሆን የልኬት ባለሙያ)፣ «ዳታ ሳይንቲስት» እያላችሁ ፈልጉ። ከነዚህ ሁለቱን ምረጡና ለእያንዳንዱ ሃያ ያህል ማስታወቂያ ሰብስቡ፤ ደጋግመው የሚጠየቁትን ችሎታዎች በኤክሴል መዝግቡ። ግማሹ ማስታወቂያ የጠየቀው፣ እናንተ ግን የሌላችሁ ነገር የቀጣዩ ዓመት የቤት ሥራችሁ ነው።

ለቺፕ ፋብሪካ የሚያመለክት ሰው ሁለት ነገር ደጋግሞ ያገኛል፦ ስታቲስቲካዊ የምርት ቁጥጥር (ምርቱ ከወትሮው መራቁን በቁጥር የመከታተል ዘዴ) እና የሙከራ ንድፍ (ብዙ ነገሮችን በጥቂት ሙከራ አንድ ላይ የመፈተሽ ዘዴ)። የፊዚክስ ክፍሎች እነዚህን እምብዛም አያስተምሩም። ሰርተፊኬት ከመግዛት ይልቅ የመጀመሪያውን በራሳችሁ ላብራቶሪ ተለማመዱት። የቫክዩም ቻምበራችሁን (አየር የሚወጣለትን የሙከራ ሣጥን) የመነሻ ግፊት በየጠዋቱ መዝግቡ፤ ግፊት በብዙ እጥፍ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን በሎጋሪዝም ቀይሩት፤ ከዚያ አማካዩን፣ ከላይና ከታች ደግሞ የ3 ሲግማ (ከአማካዩ ሦስት መደበኛ ልይይት የሚርቁ) መስመሮችን አስምሩ። ነጥቦቹ ከመስመር ባይወጡም እንኳ በተከታታይ ወደ ላይ ካጋደሉ ፓምፑ ደክሞ ወይም አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። ይህን አንድ ግራፍ ይዞ ቃለ መጠይቅ የገባ ተማሪ የፋብሪካውን ቋንቋ እየተናገረ ነው።

ኮዳችሁንም እንዲሁ አስተካክሉ። የትንተና ፕሮግራሙ በጊት (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግብ መሣሪያ) ይቀመጥ፣ አዲስ ተማሪ ማንንም ሳይጠይቅ ሊያስኬደው የሚችልበት መመሪያ ይኑረው። ለሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት ግን የአማካሪያችሁን ፈቃድ ጠይቁ፤ ኮዱ የቡድኑ ነው።

የሰመር (የአሜሪካ በጋ) ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም ጊዜያዊ የሥራ ልምምድ፣ ማመልከቻ በትልልቅ ኩባንያዎች የሚከፈተው በቀደመው ዓመት መኸር፣ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር አካባቢ ነው። አማካሪያችሁን ወራት ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የትኞቹን ወራት እንደምትሄዱ፣ የትኛው ሙከራ እንደሚቆም፣ መሣሪያውን ማን እንደሚይዝ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ቅረቡ። «ልሂድ ወይ?» ብሎ ባዶ እጅ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ «አሁን አይመችም» ይባላል።

ሬዙሜው አንድ ገጽ ይሁን። ትልቁ ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪው ያጠናውን ይጽፋል እንጂ የሠራውን አይጽፍም። ለምሳሌ «የስስ ፊልሞችን የብርሃን ባሕርይ አጥንቻለሁ» የሚለው ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም። እንዲህ ሲጻፍ ይለያል፦ «የሌዘር መለኪያ ነድፌ ገጠምሁ፤ መረጃ አሰባሰቡን በፓይተን አውቶማቲክ አድርጌ የአንድ ናሙና ልኬት ከ6 ሰዓት ወደ 40 ደቂቃ አወረድሁ።» ምን ተሠራ፣ በምን፣ ምን ያህል ለውጥ መጣ፤ ሦስቱም አሉበት። ስለ ራስ ማውራት ነውር ነው ተብሎ ላደገ የእኛ ልጅ «እኔ ሠራሁ» ማለት ይከብዳል። ቀጣሪው ግን «ሠራን» ከሚለው ውስጥ የእናንተን ድርሻ ለይቶ ማውጣት አይችልም። ቁጥሩ እውነተኛ ይሁን እንጂ ያለ ይሉኝታ ጻፉት።

ሰው ማወቅም ይረዳል። ከክፍላችሁ ተመርቀው ኢንዱስትሪ የገቡትን በሊንክድኢን ፈልጉና የሃያ ደቂቃ ጊዜ ጠይቁ፤ ሥራ አትለምኑ፣ ስለ ሥራቸው ጠይቁ። የአሜሪካ ፊዚካል ሶሳይቲ የኢንዱስትሪና ተግባራዊ ፊዚክስ ፎረም አለው፤ ኦፕቲክስ ላይ ያላችሁ ደግሞ ሳንፍራንሲስኮ የሚካሄደውን የሌዘርና የኦፕቲክስ ጉባኤና ኤግዚቢሽን ፎቶኒክስ ዌስትን አትለፉ።

በኤፍ-1 (በውጭ ተማሪ) ቪዛ ያላችሁ ቀን ቁጠሩ። ለኢንተርንሺፕ ሲፒቲ (በትምህርት ላይ እያሉ የሚሰጥ የሥራ ፈቃድ) ከመጀመሪያው የሥራ ቀን በፊት መፈቀድ አለበት፤ የሙሉ ጊዜ ሲፒቲ 12 ወር ከሞላ ኦፒቲን (ከምረቃ በኋላ በመስካችሁ ለጊዜው የምትሠሩበትን ፈቃድ) ያሳጣል። የኦፒቲ ማመልከቻ የትምህርቱ ማብቂያ ቀን ሊደርስ 90 ቀን ሲቀረው ይከፈታል፣ ካለፈ 60 ቀን በኋላ ይዘጋል፤ ዩኒቨርሲቲው ለኦፒቲው የሚሰጠውን ድጋፍ በመንግሥት የተማሪዎች መዝገብ ካስገባ በ30 ቀን ውስጥም መላክ አለበት። ዲፌንስ ይገፋል፤ ስለዚህ ቀኑን አማካሪያችሁ ሳያረጋግጥላችሁ አታመልክቱ። ኦፒቲ ከተጀመረ በኋላ ያለ ሥራ መቆየት የሚቻለው በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነው። የ24 ወሩ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ምሩቃን) የኦፒቲ ማራዘሚያ የሚሰጠው ኢ-ቬሪፋይን (የሠራተኛን የሥራ ፈቃድ የሚያረጋግጥ የመንግሥት ሥርዓት) በሚጠቀም ቀጣሪ ዘንድ ለሚሠራ በመሆኑ ቅጥሩን ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ። ብዙ የመከላከያ ሥራዎች ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ፤ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ሳታነቡ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ለቃለ መጠይቁ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት የሚሆን ገለጻ ትጠየቃላችሁ። ከአድማጮቹ ብዙዎቹ የመስካችሁ ሰዎች አይደሉም፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ችግሩን፣ ለምን እንደሚያስፈልግና እናንተ የፈታችሁትን ተናገሩ፣ ቀመሩ ይቆይ። የተበላሸ ሙከራ እንዴት እንዳስተካከላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም፤ ምን ጠረጠራችሁ፣ በምን ቅደም ተከተል አጣራችሁ፣ ምን ሆኖ ተገኘ የሚለውን በሁለት ደቂቃ ለመናገር ተለማመዱ። ቅጥሩ በስልክ ሲነገራችሁ አመስግኑና በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ ደመወዙን ለመነጋገርና ኩባንያው ኤች-1ቢ (ቀጣሪ ለውጭ አገር ሠራተኛ የሚያመለክተውን የሥራ ቪዛ) ያመለክት እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ቀን ውሰዱ።