ለዓመታት የቆመን ሞተር ሳይክል ማስነሳት፦ ችግርና መፍትሄ

ለዓመታት ጥግ ይዞ የቆመን ሞተር ሳይክል ከአቧራው ያወጣ ሰው እጁ ሳይሆን እግሩ ይቸኩላል፤ ወዲያው መርገጥ ይጀምራል። እኔም አድርጌዋለሁ። ቆሞ የከረመ ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለውም፤ ያለው የደረቀ፣ የተጣበቀና የተደፈነ ነገር ነው። የሚሰበረው የደረቀው ሳይርስ፣ የተጣበቀው ሳይላቀቅ በጉልበት ሲረገጥ ነው። እዚህ የምጽፈው ካርቡሬተር (ነዳጅንና አየርን የሚቀላቅለው ዕቃ) ስላለው ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ነው።

ከሁሉም በፊት የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ይክፈቱ። አይጥ ጎጆ የሠራችበት ሳጥን ብዙ ነው፤ ያ ጎጆ ወደ ሞተሩ ከተሳበ ሌላ ጣጣ ይሆናል። የዘይቱንም መለኪያ አውጥተው ያሽቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ ወይም መጠኑ ከመስመሩ በላይ ከሆነ፣ ነዳጅ በካርቡሬተሩ በኩል ወደ ዘይቱ ወርዷል ማለት ነው። ዘይቱ ሳይለወጥ ሞተሩ መነሳት የለበትም።

መርገጫው አልወርድ ሲል

ማርሹ ባዶ ላይ ሆኖ መርገጫው እንደ ድንጋይ ከቆመ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ሞተሩ ሲጠፋ ክፍት በቀረው ቫልቭ በኩል እርጥበት ይገባል፤ የፒስተኑ ፋሻዎችና የሲሊንደሩ ግድግዳ በዝገት ይያያዛሉ።

ካንዴላውን ይፍቱና በቀዳዳው ሁለት ሦስት ማንኪያ ዝገት አላቃቂ ዘይት ይጨምሩ። የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል የተቀላቀሉበትም ጥሩ ይሠራል፤ አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ግን ከእሳት ይራቅ። ከዚያ ይጠብቁ። ሰዓታት ሳይሆን ቀናት፣ ምናልባትም አንድ ሳምንት፤ በየቀኑም ትንሽ ይጨምሩበት። በመጨረሻ ማርሹን ከፍተኛው ላይ አስገብተው ሞተር ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ በቀስታ ይወዝውዙት። አንድ ሚሊ ሜትር ከተንቀሳቀሰ ሥራው አልቋል ማለት ይቻላል፤ ቀሪው ትዕግሥት ነው። መርገጫው ላይ መቆም ግን የመርገጫውን ጥርስ ይበላል እንጂ ፒስተኑን አያላቅቅም።

ከተላቀቀ በኋላ ካንዴላው ሳይመለስ ሞተሩን ደጋግመው ያዙሩት፤ የቀረው ፈሳሽ በቀዳዳው ይውጣ። ፈሳሽ እንደ አየር አይታመቅም፤ ካንዴላው ተዘግቶ ከተዞረ የፒስተኑን ዘንግ ሊያጣምም ይችላል።

ሞተሩ ከመጀመሪያውም ነጻ ከነበረ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረው በቀስታ ማዞር ይበቃል።

ቁልፉ ሲዞር ምንም ሳይበራ

ባትሪው ነው። ባለ 12 ቮልት የእርሳስ አሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ቻርጅ ተደርጎ፣ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ወደ 10.5 ከወረደ አንዱ ክፍል ሞቷል፤ ከእርሱ ጋር መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ያረጁ ሞተር ሳይክሎች ባለ 6 ቮልት ሊሆኑ ስለሚችሉ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ።

ባትሪው ደህና ሆኖ መብራቱ የደበዘዘ እንደሆነ የፊውዙን መያዣና ከአሉታዊው ጫፍ ወደ አካሉ የሚሄደውን ገመድ ይመልከቱ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ይፍቁት፤ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ።

ሲረገጥ ይዞራል፣ ግን አይነሳም

ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ብልጭታ፣ ነዳጅ፣ እመቃ። በዚህ ቅደም ተከተል። የነዳጁ ነገር ግን ሰፊ ስለሆነ በሚቀጥለው ክፍል ይመጣል።

አዲስ ካንዴላ ከገመዱ ጋር አያይዘው አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር ያስነኩና ይርገጡ፤ ከካንዴላው ቀዳዳ ግን ይራቅ፣ የሚወጣው የነዳጅ ትነት ሊቀጣጠል ይችላል። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ጥሩ ነው። ከሌለ፣ ሞተሩም በፑንቲና (እየተከፈተች እየተዘጋች ብልጭታውን በምታስነሳ ትንሽ ማብሪያ) የሚሠራ ከሆነ፣ ችግሩ ከእርሷ ሳይሆን አይቀርም፤ በቆመባቸው ዓመታት ፊቷ ላይ የተፈጠረው ስስ ዝገት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጠረግ አድርገው፣ ቀጥሎ ንጹሕ ነጭ ወረቀት በመካከሏ ይጎትቱ። ይህን ሁለተኛውን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ የቀረው ብናኝ ግን ብልጭታውን መልሶ ያጠፋዋል። ክፍተቷ በአብዛኛው ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው።

ብልጭታም ነዳጅም ኖሮ ካልነሳ እመቃውን ይለኩ። ዝቅተኛ ከሆነ ጥቂት ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ፤ ከፍ ካለ ድክመቱ ከፋሻው፣ ካልተለወጠ ከቫልቩ ነው። ቆሞ የከረመ ቫልቭ ዝገት ይዞ በደንብ ሳይገጥም ይቀራል። ሞተሩን ከመበተንዎ በፊት የቫልቩን ክፍተት ያስተካክሉ፤ አንዳንዴ ያ ብቻ ይበቃል።

ይነሳል፣ ቾኩ ሲመለስ ግን ይጠፋል

ከሁሉ የሚበዛው ይህ ነው፤ ሰውም በብዛት የሚሳሳትበት ይኸው ነው። በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረ ቤንዚን ሲተን ማር የመሰለ ሙጫ ይተዋል። ሙጫው መጀመሪያ የሚደፍነው የሚኒሞውን ጄት፣ ማለትም ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲሠራ ነዳጅ የሚያልፍበትን ትንሽ መተላለፊያ ነው፤ ቀዳዳው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነውና። ቾክ (ለቀዝቃዛ ሞተር ነዳጁን የሚያበዛው መሳቢያ) ሲሳብ ነዳጁ በሌላ መንገድ ስለሚመጣ ሞተሩ ይሠራል፤ ሲመለስ ይራባል።

ካርቡሬተሩን ሳያወርዱ ማጽጃ መርጨት አያድንም። አውርደው ይፍቱት። የጃፓን ሥራ ከሆነ ልብ ይበሉ፤ የብሎኑ ራስ ተራ የመስቀል ካቻቢቴ የሚገጥመው ይመስላል እንጂ ቅርጹ የተለየ ነው፤ ተራው ሾልኮ ይበላዋል። የሚኒሞ ማስተካከያውን ብሎን ከማውጣትዎ በፊት እስኪቆም ድረስ በቀስታ ያጥብቁና ስንት ዙር እንደሄደ ይጻፉ፤ ሲመልሱ ያንኑ ያህል ይክፈቱት።

ጎማና ፕላስቲኩን አውጥተው ብረቱን በካርቡሬተር ማጽጃ ይንከሩት። እያንዳንዱን ጄት ወደ ብርሃን አንስተው ይዩ፤ ክብ ብርሃን ካልታየ አልጸዳም። ለመውጋት ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር ይበቃል፤ የብረት መርፌ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ማጽጃውን በቱቦው ቀዳዳ ሲረጩ መነጽር ያድርጉ፤ በአንዱ የገባው በሌላው ወደ ዓይን ይወጣል።

እኔ አንዱን ካርቡሬተር ሁለት ጊዜ አጥቤ መልሼ ገጠምኩ፤ ምንም ለውጥ አልነበረም። ሦስተኛ ጊዜ ስፈታው ለውበት የተቀመጠች መስላኝ የነበረች ትንሽ የጎማ ውታፍ ነቀልኩ፤ የሚኒሞው ጄት ከሥሯ ተደብቆ ነበር። በብዙ ካርቡሬተሮች እንዲሁ ነው። ውታፍ ካዩ ይንቀሉ።

አሮጌውን ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ያፍስሱ፤ እንደ ቀለም የሚሸት ከሆነ በአዲስ ማቅጠን አያድነውም። ታንኩንም በእጅ ባትሪ ይመልከቱ። ውስጡ ከዛገ በእያንዳንዱ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ወደ 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ አሟሙተው ሞልተው አንድ ወይም ሁለት ቀን ያቆዩት፤ ከዚያ በውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥበው ወዲያው ያድርቁት፤ እርጥብ ሆኖ ከቆየ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይዝጋል። የዛገ ታንክ ሳይጸዳ የተጸዳ ካርቡሬተር መግጠም የሁለት ቀን ደስታ ነው።

ጥሩ ሄዶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይጠፋል

የታንኩ ክዳን አየር ማስገቢያ ተደፍኗል። ነዳጁ ሲወርድ ቦታውን የሚተካ አየር ስለሌለ ይታገታል። ሲጠፋ ክዳኑን ይክፈቱ፤ ፍስስ ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ከተነሳ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ክዳኑን ብቻ ያጽዱ።

በተቃራኒው ነዳጅ ከካርቡሬተሩ ወደ መሬት የሚንጠባጠብ ከሆነ የተንሳፋፊው መርፌ (ካርቡሬተሩ ሲሞላ የነዳጁን መግቢያ የሚዘጋው) አልዘጋም፤ ያጽዱት ወይም ይለውጡት። እስከዚያው የነዳጁ መክፈቻ ዝግ ይሁን።

ፍሪሲዮን ተይዞም ማርሽ ሲገባ ይዘላል

የፍሪሲዮኑ ሰሌዳዎች ባረጀ ዘይት እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። እጀታውን በገመድ ጠፍረው አንድ ሌሊት ይተዉት፤ ከዚያ ሞተሩን አሙቀው ያጥፉ፣ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ይግፉት። ካልተላቀቀ መክደኛው ተከፍቶ ሰሌዳዎቹ አንድ በአንድ ይለያያሉ። ዘይቱን ሲለውጡ ለሞተር ሳይክል የተሠራውን ይምረጡ፤ አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ማንሸራተቻ ስላላቸው ፍሪሲዮኑ እንዲንሸራተት ያደርጋሉ።

ጭሱ

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰማያዊ ጭስ አያስደንግጥ፤ እርስዎ ያፈሰሱት ዘይት ነው። ሃያ ደቂቃ አልፎት ካልጠፋ ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቷል፤ ቾኩ ሙሉ በሙሉ መመለሱን ይዩ።

ፍሬኑ ይዞ አይለቅም

የሚሄድ ሞተር ሳይክል ካልቆመ ከማይነሳው ይከፋል፤ እዚህ ላይ ቁጠባ የለም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ እርጥበቱም የፍሬኑን ፒስተን ያዝገዋል። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱን አውጥተው፣ ፒስተኑን ነቅለው አጽድተው፣ ጎሚኒውን ይለውጡ። እጀታው ላይ ባለው የዘይት ዕቃ ግርጌ የመርፌ ጫፍ የምታህል መመለሻ ቀዳዳ አለች፤ እርሷ ስትደፈን ግፊቱ አይመለስም፣ ፍሬኑም ታስሮ ይቀራል። ቱቦው የጎማ ከሆነ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሊያብጥ ስለሚችል አብሮ ይለወጥ።

ጎማው ጥርስ አለው፣ ግን

በጎማው ጎን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ይፈልጉ። 2314 ከሆነ በ2014 (እንደ አውሮፓውያን) በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ሦስት አሃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ያውልቁት። ካላማዳሪ ካለውም እርሱን አብረው ይለውጡ።