በአረጋውያን ላይ የሚደርስ በደልን እንዴት መለየት፣ ማሳወቅና መከላከል ይቻላል

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው 6 ሰዎች አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ በሚኖርበት አካባቢ የሆነ ዓይነት በደል ይደርስበታል። አብዛኛው ለማንም አይነገርም። በዳዩ ብዙ ጊዜ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ ወይም ተንከባካቢ በመሆኑ ተበዳዩ ራሱ ይሸፍንለታል፤ የሚያጎርሰውን ሰው ከስሶ ወዴት ይሂድ? ስለዚህ ነገሩን ማስተዋል የሚጠበቀው ከጎረቤት፣ ከዘመድና ከጠያቂ ነው።

1. ምልክቱን ይለዩ

የአረጋውያን ቆዳ ስስ ነው፤ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ በትንሽ ግጭት ይበልዛል። ስለዚህ የበለዘ ቦታ ማየት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የት እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። በአጋጣሚ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እጅና እግር ላይ ነው፤ እንዴት እንደመጣ አለማስታወሳቸውም የተለመደ ነው። ፊት፣ አንገት፣ ጆሮ ወይም ጀርባ ላይ ሲሆን፣ ስፋቱም ከ5 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በሁለቱም እጆች አንጓ ዙሪያ ያለ ሰንበር ታስረው እንደነበር ሊያመለክት ይችላል። የበለዘውን ቀለም አይቶ «ይሄ የሦስት ቀን ነው» ማለት ግን አያስተማምንም።

ቸልተኝነት ድምፅ የለውም። ጭራ አጥንት፣ ተረከዝ ወይም ዳሌ ላይ የወጣ የአልጋ ቁስል፣ የደረቀ አፍ፣ የጠቆረ ሽንት፣ በድንገት የሰፋ ልብስ፣ «ጠፋ» ተብሎ ያልተተካ መነጽር ወይም የመስሚያ መሣሪያ ይፈልጉ። መድኃኒቱንም ይቁጠሩ፤ በቀን 2 የሚወሰድ 60 ፍሬ ከተጀመረ 20 ቀን ከሆነው 20 መቅረት አለበት። ብዙ ከተረፈ በአግባቡ እየተሰጣቸው ላይሆን ይችላል። የእንቅልፍ መድኃኒት ያለጊዜው ካለቀ ደግሞ ለማደንዘዝ ከመጠን በላይ እየተሰጣቸው ሊሆን ይችላል።

በገንዘብ በኩል፣ ከአልጋ የማይነሱ ሰው ሒሳብ በካርድ ከወጣ፣ አዲስ ውክልና ወይም የተለወጠ ኑዛዜ በድንገት ከመጣ፣ ጡረታቸው እየገባ ኪራይና መብራት ካልተከፈለ ይጠይቁ።

ድንገተኛ ግራ መጋባትና ፍርሃት ከሽንት ቧንቧ ወይም ከሌላ ኢንፌክሽንም ሊመጣ ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ያድርሷቸው። ምርመራው በሽታውን ይለያል፤ ጉዳት ካለም በሕክምና መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

2. ብቻቸውን ያነጋግሩ

ተንከባካቢው «እኔ ካለሁበት ብቻ» ካለ ይህን ራሱን እንደ ምልክት ይያዙት። «ይመታዎታል?» ብለው አይጀምሩ፤ ሀፍረት «አይ» ያሰኛል። «ቀንዎ እንዴት ያልፋል? ገንዘብዎን የሚያወጣልዎት ማን ነው? እዚህ ቤት የሚያስፈራዎት ነገር አለ?» ይበሉ። ለማንም አልናገርም ብለው ቃል አይግቡ። የመርሳት በሽታ ስላለባቸው ብቻ የሚሉትን አይጣሉ፤ አንድ ሰው ሲገባ ሁልጊዜ የሚሸማቀቁ ከሆነ ቀኑን ባያስታውሱም ይህ መመዝገብ አለበት።

3. ከመጋፈጥዎ በፊት ይመዝግቡ

ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የተናደደ ዘመድ በቀጥታ ተጠርጣሪውን ይጮኽበታል፤ በማግስቱ በሩ ይዘጋል፣ ስልኩ ይነጠቃል፣ የባንክ ወረቀቱ ይሰወራል። ንዴትዎ ይቆይ። ቀን፣ ሰዓት፣ ያዩትንና እርሳቸው የተናገሩትን በራሳቸው ቃል ይጻፉ። «ደብድቧቸዋል» ሳይሆን «ግራ ጉንጫቸው በልዟል፤ ወደቅኩ ብለዋል፤ ልጃቸው ግን በር መታቸው ብሏል» ይበሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቀው ሁለት ፎቶ ያንሱ፤ አንዱ ከራቅ ብሎ፣ ሌላው ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ ከቅርብ። ማስታወሻውን እዚያ ቤት አይተዉት።

4. ያሳውቁ

ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ወዲያው ለፖሊስ ወይም ለአምቡላንስ ይደውሉ። ካልሆነ ለማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ወይም ለሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ያመልክቱ፤ ገንዘብ ከሆነ ለባንኩም ይንገሩ። በመጦሪያ ተቋም ውስጥ ከሆነ ለኃላፊው ብቻ መንገር አይበቃም፤ ፈቃድ ለሰጠው መሥሪያ ቤትም በጽሑፍ ያስገቡ። ማስረጃ ማሟላት የመርማሪው ሥራ ነው፤ ከእርስዎ የሚፈለገው ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ነው። አድራሻቸውን፣ የጤናቸውን ሁኔታ፣ አብሯቸው የሚኖረውን ሰውና እርሳቸው የሚፈልጉትን ይናገሩ። ስምዎ በምስጢር ይያዝ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ የመዝገብ ቁጥርም ሳይቀበሉ አይውጡ።

ሙሉ አእምሮ ያላቸው አረጋዊ እርዳታ አልፈልግም ካሉ ውሳኔው የእርሳቸው ነው። ያኔ የሚደውሉበትን ቁጥር ሰጥቶ ጥየቃውን መቀጠል ነው።

5. ይከላከሉ

ብቸኝነት ለበዳይ ያመቻል፤ ሰዓቱን እያፈራረቁ ይጠይቋቸው። ሌት ተቀን የሚያስታምም ሰው «አቃተኝ» ሲል እንደ ስንፍና አይቁጠሩበት፤ ተተክተው ቢያንስ በሳምንት ግማሽ ቀን ያሳርፉት። ውክልና የሚሰጠው አእምሯቸው ሙሉ ሳለ፣ ሥራው ተለይቶና ጊዜው ተወስኖ ይሁን። የባንክ መልእክት በፈቃዳቸው ለሌላ የሚያምኑት ሰውም ይድረስ። ውክልናው ሲሻር የመሻሪያውን ኮፒ በዚያው ቀን ለባንኩ ያስገቡ።