ሜሞሪ ላይ ካለ ዳታ ሪፖርት ስታወጡ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው መሃል ከተማ ሥራውን በዴስክቶፕ ሶፍትዌር የሚያስኬድ ነጋዴ አሁንም ብዙ ነው። ፋርማሲው፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ መለዋወጫ ሻጩ። ኔትወርክ ቢጠፋም ሽያጭ አይቆምም፤ ዋናው ምክንያት እሱ ነው። የሱቁ ባለቤት ኮዱን አያይም። የሚያየው ሪፖርቱን ነው። ማታ ሱቁ ሲዘጋ የዕለቱን ሽያጭ ያሳትማል፣ ካዝና ውስጥ ካለው ብር ጋር ያመሳክራል፣ ካሸሯን ያስፈርማል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከተሳሳተ መጀመሪያ የምትጠየቀው ካሸሯ ናት። ፕሮግራመሩን የሚጠይቀው የለም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

ብዙዎቻችን ፕሮግራመሮች ሪፖርት የምናወጣው ሜሞሪ ላይ ካለ የኦብጀክት ሊስት፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሠራ ከሚይዛቸው የሽያጭና የዕቃ መዝገቦች ዝርዝር ነው። ቅናሹ፣ ታክሱና ቀሪ ሒሳቡ ኮድ ውስጥ ተሰልቶ አልቋል። ያንኑ ስሌት በዳታቤዝ መጠየቂያው ቋንቋ በኤስኪውኤል እንደገና መጻፍ ትርፉ ድካም ነው፤ ሁለት ቦታ የተጻፈ ስሌት ደግሞ አንድ ቀን መለያየቱ አይቀርም። የሪፖርት ማውጫ መሣሪያዎቹ፣ በማይክሮሶፍቱ ዶት ኔት በኩል አርዲኤልሲም፣ ክሪስታል ሪፖርትስም፣ በጃቫ በኩል ጃስፐር ሪፖርትስም የኦብጀክት ሊስት ይቀበላሉ። ስለዚህ አሠራሩ ጥሩ ነው። የሚበላሸው የሚከተሉት ቦታዎች ላይ ነው።

የሥራውን ኦብጀክት እንዳለ ለሪፖርቱ መስጠት

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው፤ ሌሎቹም አብዛኞቹ ከዚህ ይወለዳሉ።

የ«ሽያጭ» ክላሳችሁ (የኦብጀክቱ ንድፍ) ውስጥ የ«ደንበኛ» ኦብጀክት አለ። የዕቃዎች ሊስትም አለ። ሪፖርት ግን የሚያውቀው ረድፍና ዓምድ ብቻ ነው። ሊስቱን እንዳለ ስትሰጡት የደንበኛውን ስም ለማግኘት ሪፖርቱ ዲዛይን ላይ ረጅም ኤክስፕሬሽን መጻፍ ትጀምራላችሁ። ከዚያ አንድ ቀን ስሙን ሳያስመዘግብ እጅ በእጅ የገዛ ሰው ይመጣል። ደንበኛው ነል፣ ማለትም ምንም ያልተሞላበት ባዶ ነው። ሪፖርቱ ላይ የስሙ ቦታ ኤረር ብሎ ይወጣል። ክሪስታል ሪፖርትስ ደግሞ ነል መሆን የሚችል የቁጥር ወይም የቀን ፕሮፐርቲ (የኦብጀክቱ መረጃ መያዣ) ካገኘ ሊስቱን ጭራሽ አልቀበልም ይላል።

መፍትሔው ለሪፖርቱ ብቻ የሚሆን አንድ ቀላል ክላስ መሥራት ነው። ስሙ «የሽያጭ ረድፍ» ይሁን። ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የደንበኛ ስም፣ የዕቃ ስም፣ ብዛት፣ ነጠላ ዋጋ፣ ታክስ፣ ጠቅላላ። በቃ። ውስጡ ሌላ ኦብጀክት የለም፤ ጽሑፍ፣ ቁጥርና ቀን ብቻ። ከሥራው ኦብጀክት ወደዚህ ክላስ የሚገለብጥ አንድ ሜተድ ጻፉ። ደንበኛው ነል ከሆነ «የእጅ በእጅ ሽያጭ» የሚለው እዚያ ይሞላል። ሪፖርቱ ዲዛይን ውስጥ ሎጂክ አትክተቱ፤ ሲበላሽ ስህተቱን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንድ ደረሰኝ ሦስት ዕቃ አለው እንበል፦ የ600፣ የ400 እና የ200 ብር። ድምሩ 1,200 ነው። በደረሰኙ ላይ 60 ብር ቅናሽ ተደርጓል። ደረሰኙን ወደ ሦስት ረድፍ ስትዘረጉት ቅናሹ የደረሰኙ ስለሆነ 60 ብር ሦስቱም ረድፍ ላይ ይጻፋል። ሪፖርቱ የቅናሽ ዓምዱን ሲደምር 180 ይላል። የተጣራው ሽያጭ 1,140 መሆን ሲገባው 1,020 ሆኖ ይወጣል። ካዝናው ውስጥ ግን 1,140 ብር አለ። ባለቤቱ «120 ብር ከየት መጣ?» ማለቱ አይቀርም፤ ነገ ደግሞ ሌላ ደረሰኝ ሌላ ልዩነት ያመጣል። ቅናሹን እንደየዋጋቸው አካፍሉት፦ 30፣ 20 እና 10። ማካፈል ካልፈለጋችሁ የደረሰኝ ቅናሽን ከረድፍ ድምር አውጡትና ለብቻው ከደረሰኞች ሊስት ደምሩት።

ስም አለመግጠም

ሪፖርቱ ፕሮፐርቲን የሚያገኘው በስሙ ነው፤ ስሙ ደግሞ ተራ ጽሑፍ ነው። ኮዱ ላይ የፕሮፐርቲውን ስም ስትቀይሩ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ዝም ይላል፤ ችግሩ የሚታየው ሪፖርቱ ሲከፈት ነው። አርዲኤልሲ ላይ የዳታሴቱም ስም ኮዱ ላይ ከሰጣችሁት ጋር በፊደል መግጠም አለበት። ዶት ኔት ላይ የሚነበበው ፐብሊክ ፕሮፐርቲ ነው፤ ፐብሊክ ፊልድ አይታየውም። ጃስፐር ላይ ደግሞ ጌተር፣ ማለትም ዋጋውን አንብቦ የሚመልስ ሜተድ ያስፈልጋል። ሁለት ሦስት ረድፍ ሞልቶ ሪፖርቱን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይር አጭር ቴስት ጻፉና ኮዱ በተቀየረ ቁጥር ይሂድ።

ሥራ ላይ ያለ ሊስት ማተም

ሪፖርቱ እየተዘጋጀ ካሸሯ ሌላ ሽያጭ ብታስገባስ? ሊስቱ በሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሄድ ሥራ) እየተነበበ ከሆነ ዶት ኔት «ኮሌክሽኑ ተቀይሯል» ብሎ ያቆመዋል። እሱስ ደህና፣ ቢያንስ ይጮኻል። የሚያሰጋው ሳይጮህ የሚያልፈው ነው። በሲ ሻርፕ የተጻፈ የሊንክ (LINQ) ኩዌሪ፣ ማለትም ከሊስት ላይ የሚያጣራ ጥያቄ፣ በተነበበ ቁጥር እንደ አዲስ ይሠራል። ስለዚህ ከላይ የጻፋችሁት ጠቅላላ ድምርና ከታች የተዘረዘሩት ረድፎች ከተለያየ ቅጽበት የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ኩዌሪውን መጀመሪያ ላይ ወደ ሊስት ቀይሩት። ይሄም ብቻውን አይበቃም፤ ሊስቱ ቢገለበጥም ውስጡ ያሉት ኦብጀክቶች እነዚያው ናቸው። የረድፍ ክላሱ እዚህም ያድናችኋል፤ ቁጥሮቹን ቀድቶ ስለሚይዝ ዋናው ቢቀየር አይነካውም።

የጃስፐር ተጠቃሚዎች ሌላም ልብ በሉ። አንዴ የተነበበ የሊስት ዳታሶርስ መጨረሻው ላይ ይቆማል። ያንኑ ለሁለተኛ ሪፖርት ከሰጣችሁት ባዶ ገጽ ይወጣል። ለየሪፖርቱ አዲስ ፍጠሩ።

ቀንን በጽሑፍ መያዝ

የአዲስ አበባ ነጋዴ የሚያስበው በኢትዮጵያ ቀን ነው። ዶት ኔት ጋር አብሮ የሚመጣ የኢትዮጵያ ካሌንደር ግን የለም። በጃቫ በኩል ጆዳ ታይምና አይሲዩ የሚባሉት ላይብረሪዎች አላቸው። ስለዚህ ብዙ ሰው የኢትዮጵያውን ቀን ጽሑፍ አድርጎ ኦብጀክቱ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ሪፖርቱ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደር 10ኛው ቀን ከ2ኛው ይቀድማል፤ ጽሑፍ የሚደረደረው በመጀመሪያው ፊደሉ ነውና።

ትክክለኛውን የቀን ዓይነት ያዙ። የኢትዮጵያውን ቀን ረድፉ ሲሞላ ብቻ ቀይሩና በሌላ ፕሮፐርቲ አስቀምጡት። አንዱ ለመደርደር፣ ሌላው ለማሳየት።

በወር ማጠቃለል ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ኦብጀክቱ ላይ ያለውን የፈረንጅ ወር ተጠቅማችሁ ከመደባችሁ የመስከረም ሽያጭ ከፊሉ ሴፕቴምበር፣ ከፊሉ ኦክቶበር ውስጥ ይገባል። ወሩን ከኢትዮጵያ ካሌንደር አስሉት። የወር ስሞችን 12 አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁ ጳጉሜን 1 ቀን ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ ያውም የበዓል ሽያጭ በሚጦፍበት ሰሞን። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት ሲተርፍ ነው። 2015 እንደዚያ ነበር፤ ቀጥሎ 2019 ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ጳጉሜን የምትወድቀው የበጀት ዓመቱ መጨረሻ ላይ ሳይሆን ውስጡ፣ ከነሐሴ ቀጥሎ ነው። ለብቻዋ ትታይ ወይስ ከነሐሴ ጋር ትደመር የሚለውን ሒሳብ ሹሙን ጠይቁ፤ ራሳችሁ አትወስኑ።

አንድ ሌላ ነገር። ተጠቃሚው «እስከ መስከረም 30» ብሎ ሲመርጥ የሚመጣላችሁ የዚያ ቀን መነሻ፣ እኩለ ሌሊት ነው። «ከዚህ የማይበልጥ» ብላችሁ ካጣራችሁ የ30ኛው ቀን ሽያጭ በሙሉ ይቀራል። «ከጥቅምት 1 በፊት» ብላችሁ አጣሩ።

ሳንቲሟን መናቅ

ብርን በደብል (ግምታዊ በሆነው የአስርዮሽ ቁጥር ዓይነት) አትያዙ። ደብል 0.1ን እንኳ በትክክል መያዝ አይችልም። ሲ ሻርፕ ላይ ዴሲማል፣ ጃቫ ላይ ቢግዴሲማል አለላችሁ። ይሄን አብዛኛው ሰው ያውቃል። የማይታወቀው ማጠጋጋቱ ነው።

የዕቃው ዋጋ 10.30 ብር ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ነው፤ 1.545 ይመጣል። እንዲህ ያሉ ሦስት ረድፎች አሉ። ሪፖርቱ በሁለት አሃዝ ሲያሳይ እያንዳንዱን 1.55 ይለዋል። ድምሩን ግን የሚያሰላው ካልተጠጋጋው ቁጥር ነው፦ 4.635። ያንን 4.64 ብሎ ያትመዋል። ሒሳብ ሹሟ ካልኩሌተር አውጥታ ሦስቱን ስትደምር 4.65 ታገኛለች። ኮዱ ላይ የዶት ኔትን ተራ ማጠጋጊያ የተጠቀመ ደግሞ መሃል ላይ ያለውን ለሁለት ወደሚካፈለው አሃዝ ስለሚወስደው 1.54 ያገኛል፤ ድምሩ 4.62። አንድ ሽያጭ፣ ሦስት መልስ። ልዩነቱ ሳንቲም ነው። ሒሳብ ሹሟ ግን ሳንቲሟ የት እንደገባች ሳታገኝ ወረቀቱ ላይ አትፈርምም፤ ልክም ናት።

የሪፖርቱ ፎርማት መልኩን እንጂ ቁጥሩን አይቀይረውም። በረድፍ ይጠጋጋ ወይስ በደረሰኝ የሚለውን አንዴ ወስኑ። ደረሰኙ ላይ ከታተመው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። የተጠጋጋውን ቁጥር ረድፉ ላይ አስቀምጡ፣ ሪፖርቱም ያንን ብቻ ይደምር።

በስም መመደብ

አንዷ ደንበኛ አንድ ቀን «ፀሐይ»፣ ሌላ ቀን «ጸሀይ» ተብላ ትመዘገባለች። ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናት። የዱቤ ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቦታ፣ በሁለት ቀሪ ሒሳብ ትወጣለች። በመለያ ቁጥር ወይም በቲን ቁጥር መድቡ፤ ስሙ ለማሳያ ብቻ ይሁን።

ፎንቱን መርሳት

እናንተ ኮምፒውተር ላይ የሚያምረው አማርኛ ደንበኛው ጋ ሲደርስ አራት ማዕዘን ሳጥን ሊሆን ይችላል። ኒያላ የምትባለው የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ነበረች፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ለብቻ የምትጫን ሆናለች። እዚያ ያለው ኢብሪማ ነው። ጃስፐር ላይ ፎንቱን ፒዲኤፉ ውስጥ ካልከተታችሁት ፊደሎቹ ጨርሶ ይጠፋሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ከፕሮግራማችሁ ጋር አብራችሁ ጫኑ።

ሁሉንም ሜሞሪ ላይ መጫን

የዕለት ሪፖርት ላይ የሠራው አካሄድ የዓመት ሪፖርት ላይ ያንቃል። 32 ቢት ሆኖ የተሠራ ፕሮግራም በተለመደው የሚያገኘው የሜሞሪ ቦታ 2 ጊጋባይት ነው። መቶ ሺህ ኦብጀክት ከነልጆቹ ስትጭኑ፣ ከዚያ ሪፖርቱ የራሱን ኮፒ ሲይዝ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ይቆማል። የዓመት ሪፖርት የጠየቀ ሰው መቶ ሺህ ረድፍ ማንበብ አይፈልግም፤ የወር ድምር ነው የሚፈልገው። ማጠቃለያውን ዳታቤዙ ይሥራው፤ ሜሞሪ ላይ 13 ረድፍ ብቻ ይምጣ። ረድፎቹን የማዘጋጀቱን ሥራም በጀርባ ትሬድ አድርጉት። ስክሪኑ ደርቆ ሲቀር ሰው ፕሮግራሙ የተሰናከለ መስሎት ማብሪያ ማጥፊያውን ይጫናል።

የታተመውን አለማስቀመጥ

ሜሞሪ ላይ ያለ ዳታ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መብራቱ ባይጠፋም ሁለት ወር ቆይታችሁ ያንኑ ሪፖርት ደግማችሁ ብታወጡ ሌላ ቁጥር ሊመጣ ይችላል። በመሃል የዕቃው ዋጋ ተቀይሯል፣ አንድ ደረሰኝ ተሰርዟል፣ የደንበኛ ስም ተስተካክሏል። ካሸሯ የፈረመችበት ወረቀትና ስክሪኑ ላይ ያለው አይገጥሙም። ማስረጃዋ እጇ ላይ ያለው ወረቀት ብቻ ይሆናል፤ ወረቀት ደግሞ ይጠፋል።

የተፈረመበትን ሪፖርት ሲታተም ወዲያው ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ የተቀዱትን ረድፎችም ዳታቤዝ ውስጥ አኑሯቸው። ግርጌው ላይ ማን እንዳወጣው፣ በስንት ሰዓት እንዳወጣውና ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚሸፍን ይጻፍ። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉት፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት የዘጋችው ካሸር 20፡00 የሚል ቁጥር እያየች እንድታሰላ አታድርጓት። «እንደገና አትም» የሚለው በተን የተቀመጠውን ፒዲኤፍ ያውጣ፤ ከአሁኑ ዳታ እንደ አዲስ አያስላ። አዲስ ስሌት የፈለገ ሰው ሌላ በተን ይኑረው፣ የሚወጣውም ወረቀት አናት ላይ «እንደገና የተሰላ» የሚል ይጻፍበት።