ለቤት ዲጂታል ኦርጋን ስፒከርና ሄድፎን እንዴት ይመረጣል?

ለኦርጋን ስፒከር ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታሰበው እግር ነው፤ በጣት የሚጫወቱትን ማንኛውም ደህና ስፒከር ይወጣዋል። ፔዳሉ ላይ ግን የ16 ጫማ ስቶፕ (ስቶፕ የድምፅ ዓይነት መምረጫ ነው፤ ጫማው የወፍራሙን ቧንቧ ርዝመት ይነግራል) ከፍተው የመጨረሻውን ወፍራም ዶ ሲረግጡ 32.7 ሄርዝ ይወጣል። የ8 ጫማው 65.4 ነው። የ32 ጫማው 16.35 ስለሆነ ከጆሮ ይልቅ ደረት ይሰማዋል፤ ለመኖሪያ ክፍል እሱን ባያሳድዱት ይሻላል። ግብዎ 32 ሄርዝን በንጽሕና ማግኘት ይሁን።

1. ቁጥሩን በጥርጣሬ ያንብቡ

“ከ40 ሄርዝ ጀምሮ” የሚል ጽሑፍ ብቻውን ዋጋ የለውም። አጠገቡ -3 ዴሲቤል ከተባለ፣ ማለትም ድምፁ እዚያ ላይ በ3 ዴሲቤል ብቻ ከቀነሰ፣ ይታመናል። -10 ከሆነ ግን ስፒከሩ እዚያ ከመድረሱ በፊት ደክሟል። ባለ 5 ኢንች ስቱዲዮ ሞኒተር (ለቀረጻ ሥራ የሚያገለግል ስፒከር) አብዛኛውን ጊዜ 50 ሄርዝ አካባቢ፣ ባለ 8 ኢንቹ ደግሞ 40 አካባቢ መውደቅ ይጀምራል። የጊታር አምፕ ጨርሶ አይሞክሩ፤ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ ይቆርጣል።

ሲፈትኑ እንደ ፖዛውን ባሉ የሸምበቆ ስቶፖች (የሚርገበገብ ምላስ ያላቸውን ቧንቧዎች ድምፅ የሚሰጡ) አይታለሉ። እነዚህ በላያቸው ብዙ ተደራቢ ድምፆች ስላሏቸው መሠረቱ ባይወጣም ጆሮ ከተደራቢዎቹ ተነሥቶ ራሱ ይሞላዋል፤ ትንሽ ስፒከርም ጎበዝ ይመስላል። ሱብባስ ወይም ቡርዶን 16 የተባለውን ለስላሳ ስቶፕ ብቻ ከፍተው ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ይርገጡ። ድምፁ የሚጠፋበት ኖታ የስፒከሩ እውነተኛ ወሰን ነው።

2. ሰብዉፈር ይጨምሩ

ሁለት መካከለኛ ሞኒተሮችና አንድ ባለ 10 ወይም 12 ኢንች ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር)፣ ሁለት ግዙፍ ስፒከር ከመግዛት ይበልጣሉ። አንድ ትንሽ ስፒከር ፔዳሉንና ቀጫጭኖቹን ስቶፖች አንድ ላይ ሲሸከም፣ በፔዳሉ የሚርገበገበው ሸራ ቀጭኑንም ድምፅ ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ክሮስኦቨሩን (ወፍራሙን ለሰብዉፈር፣ ቀሪውን ለሞኒተሮቹ የሚከፍለውን ወሰን) 80 ሄርዝ ላይ አድርገው ሥራውን ያካፍሉ።

ኃይሉን በፒክ ዋት (ለቅጽበት በሚሰጠው) ሳይሆን በአርኤምኤስ (ሳያቋርጥ በሚሰጠው) ያወዳድሩ። ከበሮ መትቶ ያልፋል፤ የኦርጋን ፔዳል ግን እግር እስኪነሣ ድረስ ሳይቀንስ ይቆያል፣ አምፑንና የስፒከሩን ጥቅል ሽቦ የሚያግለውም ይህ ነው። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ከተስተካከለበት ድምፅ በታች ድንገት ይወድቃል፤ ቀዳዳውም መንፋት ይጀምራል። ዝጉ ሳጥን ቀስ እያለ ስለሚቀንስ ለኦርጋን ይመረጣል።

3. ቦታውን ይፈልጉለት

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው፤ የክፍሉ ጥፋት በስፒከሩ ይላከካል። 343ን (ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘውን ሜትር) ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ያካፍሉ፤ 4 ሜትር ከሆነ 43 ሄርዝ ገደማ ይመጣል። ይህም የ16 ጫማው የታችኛው ፋ ነው። ይህ ኖታ ግድግዳው ዘንድ ያገሳል፣ የክፍሉ መካከል ላይ ደግሞ ይጠፋል። አጠገቡ ያለው ኖታ ሚ ደህና እየተሰማ ፋ ብቻ ቢያብድ ስፒከሩን አይመልሱት።

መፍትሔው ቦታ መለዋወጥ ነው። ሰብዉፈሩን የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ያስቀምጡና ሌላ ሰው ፔዳሉን ከዶ እስከ ዶ በእኩል ድምፅ ቀስ ብሎ ይርገጥ። እርስዎ በግድግዳው ዙሪያ ወለል ላይ እየዳሁ ያዳምጡ። ኖታዎቹ ይበልጥ የሚመጣጠኑበት ስፍራ የሰብዉፈሩ ቦታ ነው። ማዕዘን ውስጥ መወተፍ ድምፁን ያበዛዋል፣ አለመመጣጠኑንም እንዲሁ።

ከዚያ የሰብዉፈሩን የፌዝ ማብሪያ (የድምፁን ሞገድ የሚገለብጠውን) ይሞክሩ፦ በ16 ጫማ ሁለተኛውን ሚ (82 ሄርዝ) ይዘው 0 እና 180ን ይለዋውጡ፤ ጎላ የሚለው ትክክለኛው ነው። በኢኳላይዘር የሚያገሳውን ኖታ መቀነስ ይቻላል። የጠፋውን በጉልበት መጨመር ግን አምፑን ከማድከም በቀር አይረዳም።

4. ያገናኙ

ከኦርጋኑ የላይን መውጫ ይውሰዱ። ሲያበሩ ኦርጋኑን አስቀድመው ስፒከሩን ያስከትሉ፤ ሲያጠፉ በተቃራኒው። እምም የሚል ድምፅ ከተሰማ ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ፤ ካልጠፋ በኦርጋኑና በስፒከሩ የድምፅ ገመድ መካከል መለያ ትራንስፎርመር ያስገቡ።

5. ሄድፎኑ

ብሉቱዝ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ስለሚዘገይ፣ 34 ሜትር ርቆ ከቆመ ስፒከር ጋር እንደመጫወት ነው። ባለ ገመድ ሲመርጡ ኦሙን (የኤሌክትሪክ መቋቋሙን መጠን) ይዩ፦ ኦርጋኑ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ከ32 እስከ 80 ኦም ቢሆን ጥሩ ነው። ለምሳሌ የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ተሠርቷል፤ 250ውንም ሆነ 300 ኦም የሆነውን የዜንሃይዘር ኤችዲ 600 አንዳንድ ኦርጋኖች በበቂ አያጎሉትም።

ጀርባው ክፍት የሆነው ጆሮ አያግልም፣ የአዳራሹን ማስተጋቢያም ሰፊ ያደርገዋል፤ ነገር ግን አጠገብዎ ለተኛ ሰው ይሰማል። ዝጉ ፔዳሉን ይበልጥ ይይዛል፣ ያውም ትራሱ ጆሮ ላይ ከገጠመ። የመነጽር ዘንግ ትንሽ ክፍተት ከፈጠረ 32 ሄርዙ በዚያ ያመልጣል፤ ስለዚህ መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ሲሞክሩም አድርገው ይሞክሩ። ገመዱ 3 ሜትር ቢሆን ይመቻል። በወንበሩ ጀርባ አዙረው ይሳቡት፤ በፊት ለፊት ካወረዱት እግርዎ ይጠልፈዋል።